የብር አንጥረኛን መዶሻ በገዛ እጃችን



ይህ የቤተሰብ ማዕዘን ዘወትር ሌላውን ሲመክር ኖሯል። የዛሬውን ግን ከራሳችን ጥፋት እንጀምራለን፤ ጥፋቱን ሸሽገን ትምህርቱን ብቻ ብናቀርብ አንባቢን ማታለል ይሆንብናልና።

ከጥቂት ወራት በፊት የአንድ አሥር አለቃ ባለቤት በነጠላቸው ጫፍ የቋጠሩትን የብር አምባር ይዘው ወደ ቢሮአችን መጡ። አምባሩ ወላጅ እናታቸው በሠርጋቸው ዕለት ከገዛ እጃቸው አውልቀው ያጠለቁላቸው ሲሆን፣ ሁለት ጠገራ ብር ቀልጦ የተሠራ ነው። ክፍሉ ወደዚህ ጦር ሠፈር ሲዛወር የዕቃ ሣጥን ወድቆበት ተጣሟል። እናታቸው ዛሬ በሕይወት የሉም። የታናሽ እኅታቸው ሠርግ ሦስት ሳምንት ቀርቶት ነበርና፣ አምባሩን አጥልቀው እንዲገኙ የሚያቃናላቸው ባለሙያ እንድንፈልግላቸው ጠየቁን።

እኛም ባለሙያ በመፈለግ ፈንታ ራሳችን ባለሙያ ሆንን። በአካዳሚ መሣሪያ ፈትቶ መግጠም የተማረ መኮንን አንድ አምባር ማቃናት ምን ይገደዋል በሚል ትምክህት ወደ ተሽከርካሪ ጥገና ክፍል ሄድን፤ አምባሩን በሞርሳ ላይ ደገፍን፤ በአጠገባችን ያገኘነውን መዶሻ አንስተን መታን። አምባሩ ቀና። ነገር ግን እያንዳንዱ ምት የግማሽ ጨረቃ ቅርጽ ያለው ጠባሳ ትቶ አለፈ፤ ያ ለስላሳ ገጽ ፈንጣጣ እንዳለፈበት ፊት ሆነ። እኅታችን ተቀብለው አገላብጠው አዩትና «እግዜር ይስጥልኝ» ብለው መልሰው ቋጠሩት። ቢቆጡን በቀለለን ነበር።

በዚያው ዕለት ማታ በጥገና ክፍሉ የሚሠሩ አንድ አንጋፋ ሃምሳ አለቃ ወደ ቢሮአችን ብቅ አሉ። ጡረታቸው ሊደርስ አንድ ዓመት ያህል የቀራቸው፣ ብዙ የማይናገሩ ሰው ናቸው።

«መቶ አለቃ፣ ያን አምባር የመቱበትን መዶሻ ፊት አይተውታል?» አሉን።

አላየነውም ነበር። መዶሻውን አምጥተው በመብራት ሥር ያዙልን። ፊቱ በብሎንና በምስማር የተፈነካከተ፣ ጠርዙም የሰላ ነበር።

«ብር የሚመታውን መዶሻ ፊት ይገለብጣል። ይህ ሁሉ ጠባሳ አስቀድሞ እዚህ ላይ ነበረ፤ እርስዎ ወደ አምባሩ አዛወሩት» አሉ።

ከዚያም ከኮታቸው ኪስ በጨርቅ የተጠቀለለ አነስተኛ መዶሻ አውጥተው ሰጡን። በፊቱ ላይ የራሳችንን ዓይን አየንበት።

ከየት እንዳገኙት ስንጠይቃቸው ከአሮጌ የመካኒክ መዶሻ ራሳቸው እንደሠሩት፣ ሙያውንም ከአባታቸው እንደተማሩ ነገሩን። አባታቸው ብር አንጥረኛ ነበሩ። ሃምሳ አለቃው ግን ለውትድርና ሲመለመሉ የአባታቸውን ሥራ ሲጠየቁ «ገበሬ» ብለው አስመዘገቡ፤ ከዚያ ወዲህ በቆየ አገልግሎታቸው ለአንድ ጓደኛ እንኳ እውነቱን አልተናገሩም። በልጅነታቸው «የቡዳ ልጅ» እየተባሉ አድገዋል፤ ውኃ የጠጡበትን ጣሳም ጎረቤት ለብቻው ያስቀምጠው ነበር። ይህ በጦር ሠፈር እንዳይደገምባቸው ፈሩ። ስለ ሰው ልጅ እኩልነት በየጊዜው የምናስተምር እኛ፣ ከቢሮአችን መቶ እርምጃ በማይርቅ ቦታ አንድ ሰው አባቱን ደብቆ እንደሚኖር አላወቅንም።

የዚህ ኋላ ቀር አስተሳሰብ ሥር ረጅም ነው። በአገራችን ማረሻውን የሠራው ቀጥቃጭ፣ ማሰሮውን የሠራችው ሸክላ ሠሪ፣ ጋቢውን የሸመነው ሸማኔ፣ የሙሽራዋን ጌጥ የሠራው አንጥረኛ የእጃቸው ሥራ እየተፈለገ ራሳቸው ሲናቁ ኖረዋል። እሳትና ብረት የሚገራ ሰው ሌሊት ጅብ ይሆናል እስከ መባል ተደርሷል። በጎንደር አካባቢ የቤተ እስራኤል ወንዶች በብረት ሥራ፣ ሴቶቻቸው በሸክላ ሥራ አገሬውን ሲያገለግሉ ይኸው ስድብ ሲወርድባቸው ቆይቷል። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለሙያን በሙያው ምክንያት መስደብን የሚከለክል አዋጅ አስነግረው ነበር። አዋጁ ከታወጀ ከመቶ ዓመት በላይ አልፎታል። አዋጅ አፍን ሊዘጋ ይችላል፤ ጣሳ ለይቶ የሚያስቀምጠውን እጅ ለማስተካከል ግን ባለሙያውን ቀርቦ ማየት ያስፈልጋል። ስለሆነም በተከታታይ አራት ቅዳሜዎች ከሃምሳ አለቃው ዘንድ ተቀምጠን መዶሻ መሥራትን ተማርን። የተማርነውን እነሆ።

ስለ ብሩ ጥቂት እንበል። ጠገራ ብር የምንለው በኦስትሪያዊቷ ንግሥት በማሪያ ቴሬዛ ስም የተመታው ገንዘብ ነው። ንግሥቲቱ እ.ኤ.አ. በ1780 ከሞቱ በኋላም ይኸው የዓመት ምልክት ሳይለወጥ በተደጋጋሚ ሲመታ ኖሯል። አንዱ 28 ግራም ያህል ይመዝናል፤ ከሺህ እጅ 833ቱ ንጹሕ ብር፣ የተረፈው በአመዛኙ መዳብ ነው። አያቶቻችን በገበያ ሲገበያዩበት፣ አንጥረኞቻችን ደግሞ እያቀለጡ መስቀል፣ አምባር፣ አልቦና የጆሮ ጌጥ ሠርተውበታል። እንግዲህ የእኅታችን አምባር 56 ግራም ያህል ይመዝናል ማለት ነው። ብር ለስላሳ ማዕድን በመሆኑ የነካውን ሁሉ ይመዘግባል። አንጥረኛ ከሁሉ አስቀድሞ ስለ መዶሻው ፊት የሚጨነቀው ስለዚህ ነው።

ለጀማሪ ሦስት የብረት መዶሻና አንድ የቀንድ መዶሻ ይበቃሉ።

የመጀመሪያው የማለስለሻ መዶሻ ነው። አንድ ጎኑ ጠፍጣፋ፣ ሌላው እንደ ኳስ ድቡልቡል ከሆነ፣ ክብደቱም ከ200 እስከ 300 ግራም ከሚደርስ አሮጌ የመካኒክ መዶሻ ይሠራል። ጠፍጣፋው ፊት ጨርሶ ሜዳ መሆን የለበትም፤ ከመካከሉ በጣም በጥቂቱ ከፍ ብሎ ወደ ዳር ቀስ እያለ ይወርዳል። የሰላው ጠርዝ ሁሉ ይዶለዱማል። በአምባሩ ላይ ግማሽ ጨረቃ ያተመው ይኸው ጠርዝ ነበርና።

ሁለተኛው የማጎድጎጃ መዶሻ ነው። የሌላ አሮጌ መዶሻ ድቡልቡል ጫፍ አለስልሰን ሳህን የመሰለ ጎድጓዳ ነገር የምናወጣበት ይሆናል። ሦስተኛው የመግፊያ መዶሻ ሲሆን፣ ጫፉ እንደ ሽብልቅ ጠበብ ብሎ ለእጀታው አግድም የተቀመጠ ነው። ይህ ጫፍ ብሩን የሚገፋው ከርዝመቱ ግራና ቀኝ ነው፤ ስለዚህ ባለሙያው ብሩ ወዴት እንዲሄድ እንደሚፈልግ አውቆ ይመታል። ጫፉ ክብ መሆን አለበት፤ ከሰላ ይቆርጣል።

አሠራሩ እንደሚከተለው ነው። መዶሻውን ከእጀታው አውልቀን በሞርሳ እናሥራለን። የፊቱን ቅርጽ በመሳያ ድንጋይ ወይም በሞረድ እናወጣለን። የጠነከረው ፊት ሞረዱን የሚያንሸራትት ከሆነ ድንጋዩ ይሻላል። የመሳያ ማሽን የምንጠቀም ከሆነ ብረቱን በየጊዜው ውኃ ውስጥ እየነከርን እናቀዘቅዛለን፤ በእጅ ለመያዝ እስኪያዳግት መጋል የለበትም። ፊቱ ላይ ሰማያዊ ቀለም ከታየ ጥንካሬው ጠፍቷል። ቀስ ብሎ የሠራ ሰው እሳት ሳይነካ መዶሻውን ይጨርሳል።

ቅርጹ ከወጣ በኋላ የብርጭቆ ወረቀት ሥራ ይቀጥላል። ከሻካራው 120 ቁጥር ተነሥተን ወደ 220፣ 400፣ 600፣ ከተገኘም እስከ 1000 እንወጣለን። ምሥጢሩ አቅጣጫን በማቀያየር ላይ ነው። በ120 ወደ ፊትና ወደ ኋላ ከፈተግን፣ በ220 ወደ ግራና ወደ ቀኝ እንፈትጋለን፤ የቀደመው ጭረት አንድም ሳይቀር እስኪጠፋ ድረስ ወደሚቀጥለው ቁጥር አንሻገርም። እኛ በሁለተኛው ቅዳሜ ተቻኩለን ከ220 ወደ 600 ዘለልን። ሃምሳ አለቃው አንዲት ቁራጭ መዳብ ሰጥተው «ይምቱ» አሉን። የዘለልናቸው ጭረቶች ተሰልፈው መዳቡ ላይ ወጡ። ያለ ወቀሳ ወደ 220 ተመለስን። በመጨረሻ ቁራጭ ቆዳ በእንጨት ላይ ወጥረን፣ በጥሩ ወንፊት የተነፋ አመድ በጥቂት ዘይት ለውሰን እናሻሻዋለን፤ ጥርሳችን እስኪታይበት።

ጥንካሬው የጠፋበት መዶሻ ካጋጠመ ግን እሳት ያስፈልጋል። ብረቱን በከሰል ፍም ውስጥ በወናፍ እያናፋን እናግላለን። ከተበላሸ ራዲዮ ድምፅ ማጉያ የወጣ ማግኔት ለዚህ ይጠቅማል፤ ብረት 770 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ሲደርስ ማግኔት አይስበውም። መሳቡን ካቆመ በኋላ ጥቂት አግለን ዘይት ውስጥ እንነክረዋለን። አሁን እንደ ብርጭቆ ጠንክሯል፤ እንደ ብርጭቆም ይሰበራል። ስለዚህ መልሶ ማለዘብ ግድ ነው። ፊቱን በወረቀት አጥርተን፣ ከኋላው በኩል በጋለ አሸዋ ላይ በብረት ድስት እናስቀምጠዋለን። የፊቱ ቀለም መለወጥ ይጀምራል። የገለባ ቀለም ሲመጣ፣ ይኸውም 220 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ፣ ወዲያው አውጥተን ውኃ ውስጥ እንከተዋለን። ወደ ሰማያዊ ካለፈ ሥራው እንደገና ይጀመራል። ብረትን መቀጥቀጥ እንደጋለ ነው ይባላል፤ መዶሻን ማለዘብ ግን እንደ ቀለሙ ነው።

እጀታው የወይራ እንጨት ቢሆን መልካም ነው፤ ጠንካራ ነው፣ ምትንም ይችላል። ርዝመቱ ከ25 እስከ 30 ሳንቲ ሜትር፣ ቅርጹ ሞላላ ሆኖ የእንጨቱ ጭረት በቁመቱ የወረደ ይሁን። ክብ እጀታ በእጅ ውስጥ ይዞራል፤ ሞላላው ግን ሳናየው የመዶሻው ፊት ወዴት እንደ ሆነ ለመዳፋችን ይነግራል። በራሱ በኩል ሽብልቅ ይገባበታል፤ ከዚያም የተልባ ዘይት ይቀባል። ዘይት የነካው ጨርቅ ተጨማድዶ አይጣል፤ ከራሱ ግሎ ሊቀጣጠል ስለሚችል ተዘርግቶ ይድረቅ።

አራተኛው የቀንድ መዶሻ ከሁሉም ይቀላል። የበሬ ቀንድ ሥሩ ክፍት፣ ጫፉ ድፍን ነው። ድፍኑን ጫፍ ቆርጠን፣ በትራፓኖ በስተን እጀታ እናስገባለን። ቀንድ ከብር ይለሰልሳልና ብሩን ሳያሳሳና ሳይቆስል ያጥፈዋል፤ ያቃናዋልም። የተጣመመ አምባር መጀመሪያ የሚያስፈልገው ይህ መዶሻ ነበር። እኛ በብረት መጀመራችን ነው ስሕተቱ።

ስለ ጥንቃቄ በአጽንዖት እናሳስባለን። ሲሞርዱና ሲሳሉ ዓይን በመነጽር ይሸፈን። የጠነከሩ ሁለት መዶሻዎች ፊት ለፊት አይጋጩ፤ የሚፈናጠር ስብርባሪ ዓይን ያጠፋል። ኒኬል፣ ክሮም ወይም ዚንክ የተቀባ ብረት በእሳት አይግባ፤ ጢሱ መርዛማ ነው። ዘይት ውስጥ የሚነከረው ከቤት ውጭ ይሁን፤ ክዳንና አሸዋ በአጠገብ ይቀመጡ፤ የተቀጣጠለ ዘይት ላይ ውኃ ፈጽሞ አይደፋ። ከሁሉም በላይ፦ በሜዳ የወደቀ ጥይት፣ ቦምብ ወይም ያልፈነዳ ተተኳሽ ለመዶሻም ሆነ ለመስፍ ተብሎ አይነካ። «ባዶ ቀለሃ መስሎኝ ነበር» የሚለው ቃል ለቀረች ሚስት መጽናኛ አይሆንም። የጥገና ክፍሉ ቁርጥራጭ ብረትም የመንግሥት ንብረት ስለሆነ ያለ ኃላፊው ፈቃድ አይወሰድ። እኛ የተጠቀምንበት ከገበያ በተገዛ አሮጌ መዶሻ ነው።

አሁን ደግሞ ወደ እናንተ ወደ እናቶችና እኅቶች እንመለስ። ይህ ሥራ የወንድ ብቻ ነው የሚል ካለ የመጨረሻውን ማጥራት ይመልከት። በአመድና በቆዳ ዕቃ አንጸባራቂ ማድረግን ከእናንተ የበለጠ የሚያውቅ ማን ነው? በእኛ ቅዳሜዎች የሃምሳ አለቃው ባለቤት አጠገባችን ተቀምጠው ሲያዩ ቆይተው፣ «እትዬ፣ ይሞክሩት» ብንላቸው ወረቀቱን ተቀብለው በግማሽ ሰዓት እኛ በሁለት ሰዓት ያላገኘነውን ብርሃን አወጡበት። ትዕግሥታችሁና ዓይናችሁ በዚህ ሙያ ዋጋ አላቸው። ባል በግዳጅ ላይ ሳለ፣ ወይም በጡረታ ሲሰናበት፣ በቤት ውስጥ አራት መዶሻና እነዚህን የሚያውቅ ሁለት ጥንድ እጅ መኖሩ ለጓዳ ድጋፍ ይሆናል። የጎረቤትን ጉትቻ ማቃናት፣ የተጣመመ አልቦ መመለስ በትንሹ ይጀመራል።

አንድ አደራ አለን። የብር መዶሻ በዘይት ጨርቅ ተጠቅልሎ ከልጆች እጅ ርቆ ይቀመጥ። ምስማር አይመታበት፤ ኮረሪማም አይፈነካከትበት። አንድ ጊዜ የቆሰለ ፊት እንደገና ከ120 ወረቀት ይጀምራል።

አምባሩስ? እኅታችን ሠርጉ አንድ ሳምንት ሲቀረው እንዲያመጡልን ለመንናቸው፤ አመጡም። ሃምሳ አለቃው በመጀመሪያ ብሩን አለዘቡት። ብር ሲመታ እየደነደነ ይሄዳል፤ እየደነደነ ከተመታ ይሰነጠቃል። ስለዚህ በጥላ ሥፍራ፣ የፍሙ ቀለም በሚለይበት፣ ደብዘዝ ያለ ቅላት እስኪያሳይ ድረስ አሞቁት፤ ቅላቱ ሲጠፋ ውኃ ውስጥ ነከሩት። ከዚያ በክብ የወይራ ግንድ ላይ አጥልቀው በቀንድ መዶሻ ቅርጹን መለሱ። በመጨረሻ እኛ በሠራነው የማለስለሻ መዶሻ፣ ምት ከምት ጋር እያያያዙ፣ ከእጅ አንጓ ብቻ በሚወርድ ቀላል ምት ገጹን አስተካከሉ። «ክንድ አይምታ፤ መዶሻው በክብደቱ ይውደቅ» ይሉን ነበር። የኛ ጠባሳዎች አንድ በአንድ ጠፉ። አንዱ ብቻ ከሁሉ የጠለቀው አልጠፋም፤ እርሱን ለማጥፋት ብሩን ማሳሳት ይጠይቅ ነበርና እኅታችን «ይቅር፤ የእናቴ ብር አይቀነስ» አሉ። ያ ምልክት ዛሬም አለ፤ ስናየው እናፍራለን፤ ማፈራችንም ተገቢ ነው።

ወደ ሠርጉ ከመሄዳቸው በፊት ስለ ሥራው ማን እንደ ሆነ ጠየቁ። እኛ መልስ ከመስጠታችን በፊት ሃምሳ አለቃው ራሳቸው መለሱ፦ «አባቴ ብር አንጥረኛ ነበሩ። ያስተማሩኝ እርሳቸው ናቸው።» በክፍሉ ውስጥ አምስት ወታደሮች ነበሩ። ጥቂት ጊዜ ዝም ተባለ። ከዚያ ከመካከላቸው አንዱ፣ ገና ወጣት የሆነ ምልምል፣ ቀዝቃዛ ውኃ በጣሳ ቀድቶ ለሃምሳ አለቃው አቀረበ፤ ከጠጡ በኋላም የተረፈውን በዚያው ጣሳ እርሱ ጠጣው። ይህን ያደረገው አስቦበት ይሁን ጠምቶት አልጠየቅነውም።

ይህን ጽሑፍ ከማተማችን በፊት ለሃምሳ አለቃው አንብበንላቸዋል። «ስሜ አይጻፍ፤ የአባቴ ሙያ ግን ይጻፍ» ብለዋል። ጽፈነዋል። በአሁኑ ጊዜ በየሳምንቱ ቅዳሜ ከቀትር በኋላ በጥገና ክፍሉ ጥግ ለፈቀደ ሁሉ ያስተምራሉ፤ ባለትዳሮች አብረው ቢመጡ ደስታቸው ነው። አሮጌ መዶሻና የብርጭቆ ወረቀት ይዛችሁ ኑ።

ሥራ ለሠሪው፣ እሾህ ላጣሪው ይባላል። በየቤታችሁ ያለ፣ ከአባት ወይም ከእናት የተወረሰ፣ ነገር ግን በስድብ ፍርሃት የተደበቀ ሙያ ካለ ለዚህ ማዕዘን ጻፉልን። ስማችሁን እንድንደብቅ ብትጠይቁን እንደብቃለን፤ ሙያችሁን ግን በኩራት እናትማለን።